የአውራ ጣት ሥር ሕመም፦ ሪህ ነው? ቀዶ ሕክምናስ የግድ ነው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 56 ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ከሥሩ ይጠዘጥዘኛል። መቀስ ስይዝ፣ ቁልፍ ሳዞርና ልብስ ስጨምቅ ይብስብኛል፤ አሁን ደግሞ ሥሩ ላይ ጉብ ያለ ነገር ወጥቷል። ደም ተመርምሬ ዩሪክ አሲድሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሪህ ነው ስለተባልሁ ሥጋ አቆምሁ፤ ለውጥ የለም። ወጌሻ ጎትቶ ካሸኝ በኋላ ለሳምንት ያህል እጄን ማንቀሳቀስ አቅቶኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ አትንኪ ይሉኛል። በቅርቡ ራጅ ተነስቼ አጥንቱ ተበልቷል፣ ከኦፕራሲዮን ሌላ መፍትሔ የለውም ተባልሁ፤ ሌላ ባለሙያ ደግሞ መርፌ ተወጊ አለኝ። ለደም ግፊት ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ፤ ለጣቴ ደግሞ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ በቀን ሁለት ጊዜ እውጣለሁ። ምን ይሻለኛል? ሥራዬንስ ልተው?»

ምላሽ፦ ከጣትዎ በፊት ስለ ኩላሊትዎ መናገር ይቀድማል። የዲክሎፌናክ ክኒኑን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ የደም ግፊት መድኃኒቶችዎን ግን እንዳያቋርጡ። ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ጥቃቅን ቧንቧ ያጠብባል፤ ኤናላፕሪል ደም ከማጣሪያው የሚወጣበትን ያሰፋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሦስቱ በየቀኑ አብረው ሲወሰዱ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወድቅ ኩላሊት በድንገት ሊዳከም ይችላል፤ በተለይም ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘዎት ጊዜ፣ ወይም በጾም ውኃ ሳይቀምሱ በዋሉበት ቀን አደጋው ይበረታል። ከዚህም ሌላ ዲክሎፌናክ ራሱ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራንም ያደማል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ግፊትዎን ይለኩ፤ ኩላሊትዎ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የክሬቲኒንና የፖታሲየም የደም ምርመራም ያድርጉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሽንትዎ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ወደ ጣትዎ ስንመጣ፣ የገለጹት ሕመም የሪህ ጠባይ የለውም። ሪህ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት የሚነሳ፣ መገጣጠሚያውን የሚያቀላና የሚያግል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የማያስችል ሕመም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከእግር አውራ ጣት ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥም ይበርዳል። የእርስዎ ግን ለሁለት ዓመት ቀስ እያለ የቆየና ከሥራ ጋር የሚመጣ ነው። ዩሪክ አሲድዎ ትንሽ ከፍ ያለው በሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ዩሪክ አሲድን ከፍ በማድረግ የታወቀ ነው፤ ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ካለ ሰዎች መካከልም አብዛኞቹ ሪህ ይዟቸው አያውቅም። በከተማችን መገጣጠሚያዬን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ዩሪክ አሲድ፣ አርኤፍ (ለሩማቶይድ ቁርጥማት የሚታዘዝ የደም ምርመራ) እና ኤኤስኦ በአንድ ወረቀት ይታዘዝለታል። ኤኤስኦ የሚያሳየው ሰውየው በቅርብ ጊዜ በአንድ ዓይነት የጉሮሮ ባክቴሪያ መያዝ አለመያዙን ነው፤ ስለ 56 ዓመት ሴት አውራ ጣት የሚናገረው ነገር የለም። ሥጋ መተውም ለዚህ ጣት አይጠቅመውም፤ ከጾም ውጭ እንደ ልማድዎ መብላት ይችላሉ።

ብርድም ይህን በሽታ አያመጣም። በሐምሌና በነሐሴ መገጣጠሚያ የበለጠ እንደሚደርቅና እንደሚያም ብዙ ታማሚዎች ይናገራሉ፤ እጅን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየትም ያሳርፋል፤ ይሁን እንጂ ቀዝቃዛ ውኃ መንካት መገጣጠሚያውን አይጎዳም። ልብስ በማጠብ የሚጎዳዎት የውኃው ቅዝቃዜ ሳይሆን ልብሱን ጠምዝዞ መጭመቁ ነው።

እጅዎን ሳልመረምር በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ የጻፉት ሁሉ የሚያመለክተው የአውራ ጣት ሥር መገጣጠሚያ መሸርሸርን ነው። መገጣጠሚያው የሚሠራው ከእጅ አንጓ አጥንቶች አንዷ በሆነችው ትራፒዚየም በምትባለው ትንሽ አጥንትና በአውራ ጣት የመዳፍ ውስጥ አጥንት መካከል ነው። ሁለቱ አጥንቶች ኮርቻ በፈረስ ጀርባ ላይ እንደሚቀመጥ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣሉ፤ አውራ ጣት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው፣ ከአራቱ ጣቶች ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ የሚቆነጥጠውም በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው። ጥቅሙ ዋጋ አለው፦ አጥንቶቹ ራሳቸው አጥብቀው ስለማይያያዙ መገጣጠሚያውን ከመንሸራተት የሚያግዱት በዙሪያው ያሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ጅማቶቹ በዕድሜ ሲላሉ የአውራ ጣት አጥንት ከኮርቻው ወደ ውጭ መንሸራተት ይጀምራል፤ ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ የአጥንት ሽፋንም በአንድ በኩል እየተፋቀ ይሳሳል። ጉብ ያለው ነገር የተንሸራተተው የአጥንቱ ሥርና በዙሪያው ያበጠው ሥጋ ነው። ውልቃት አይደለም፤ ስለዚህ ጎትቶ ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። ወጌሻው ሲጎትትዎት የተላላውን ጅማት ይበልጥ አላልቶታል፤ ሳምንት ሙሉ ያሳመመዎትም ይኸው ነው፤ ዳግም አያስጎትቱት።

ሕመሙ በጉልበት ሥራ ሳይሆን በቁንጠጣ የሚብስበት ምክንያት አለው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ የ1 ኪሎ ያህል ጫና ሲያሳርፉ፣ በሥሩ ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ እንደሚደርስ የእጅን ሜካኒክስ ያጠኑ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ወፍራም ጨርቅ በደነዘ መቀስ የሚቆርጥ ሰው ቀኑን ሙሉ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደሚጭን ከዚህ መገመት ይቻላል። ሆኖም ሥራዎ ብቻውን ነው ያመጣብዎት ማለት አይደለም። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በተለይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይወርዳል፤ በወጣትነት የአውራ ጣት ሥር ስብራት የደረሰበትም ሰው የተጋለጠ ነው። በሕይወት ዘመኑ መርፌና መቀስ ይዞ የማያውቅም ይታመምበታል።

ራጁን አይተው «አጥንቱ ተበልቷል፣ ከኦፕራሲዮን ሌላ መፍትሔ የለውም» ባሉዎት ባለሙያ አልስማማም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ይህን መሸርሸር በራጅ በአራት ደረጃ የመክፈል ልማድ አለ፤ ነገር ግን የራጁ ደረጃና የሕመሙ መጠን አብረው አይሄዱም። አራተኛው ደረጃ ላይ ሆነው ሳይቸገሩ ቡና የሚያፈሉ፣ ሽንኩርት የሚከትፉ እናቶች አሉ፤ ገና አንደኛው ደረጃ ላይ ሆነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸውም አሉ። ራጅ ምርመራውን ለማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ግን የሚወስነው በአግባቡ ከታከሙ በኋላ የሚቀረው ሕመምና እጅዎ መሥራት ያቃተው ነገር ነው። እርስዎ ደግሞ እስካሁን ለዚህ በሽታ የሚሆን ሕክምና አልጀመሩም።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪሙ ሦስት ነገሮችን እንዲለይልዎ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ዴ ኩርቬን የሚባለው የጅማት ማስተላለፊያ መቆጣት ነው፤ በዚህ ሕመሙ የሚሰማው ከጣቱ ሥር ሳይሆን ወደ ክንድ በኩል ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በእጅ አንጓው ጎን ሲሆን፣ አውራ ጣትን ጨብጠው እጅዎን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሲያዘነብሉ ክፉኛ ይወጋል። ሁለተኛው በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆን ነው፤ ሌሊት አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትንና የመሐል ጣትን እያደነዘዘ ያነቃል፣ እጅን ሲያራግፉት ይተዋል። ይህ ከጣት ሥር መሸርሸር ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚገኝ፣ አንዱ ተገኘ ተብሎ ሌላው መረሳት የለበትም። ሦስተኛው የሩማቶይድ ቁርጥማት ነው፤ የሁለቱም እጆች አንጓዎች አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ እስኪፍታቱ ድረስ ከደረቁ መንገዱ ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። የሐኪሙ የእጅ ምርመራ ራሱ አጭር ነው፦ የጣቱን ሥር በአንድ ጣት ይጫናል፣ ከዚያም የአውራ ጣትዎን አጥንት ይዞ ወደ ሥሩ እየገፋ ያዞራል፤ እርስዎ የሚያውቁት ሕመም እዚያው ከተነሣ፣ አንዳንዴም የመፋጨት ስሜት ከተሰማ፣ ምንጩ ይህ መገጣጠሚያ ነው።

ሥራዎን ይተዉ አልልዎትም፤ የሚሠሩበትን መንገድ ግን ይለውጡ፤ ከክኒኑ ይልቅ የሚጠቅምዎት ይኸው ነው። መቀስዎን አስስለው ይያዙ፤ ከቻሉ ሲለቁት ራሱ የሚከፈት ባለ ስፕሪንግ መቀስ ይግዙ፤ ረጅም ቀጥ ያለ ቆረጣ ካለ ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የሚንከባለል ክብ ስለት ያለው የጨርቅ መቁረጫ ጣትዎን ከቁንጠጣ ያሳርፈዋል። ጨርቅ ሲያስተካክሉ በብዙ እስፒል ከመውጋት ይልቅ ከላዩ ክብደት ያለው ነገር ያስቀምጡ። ጠመኔው ከቀጠነ ጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ ቁልፍዎንም እንዲሁ። ስፌት ሲፈቱ ተመሳሳይ የቁንጠጣ ሥራ ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ በመሐል ማሽን ወይም ካውያ ይሥሩ። በቤትም ልብስ ሲጨምቁ ቧንቧ ላይ ጠቅልለው በሁለት እጅ ይግፉት፣ ነጭ ሽንኩርት ከመላጥዎ በፊት ለብ ባለ ውኃ ይንከሩት፣ ጀሪካን በጣት ጫፍ አያንጠልጥሉ። ስልክዎ ላይ በአውራ ጣት መጻፍም ከዚህ ይቆጠራል፤ ታማሚዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ግን የማታውን ሕመም ያመጣው እሱ የሆነበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።

ከዚህ ጋር የጣት መደገፊያ፣ ስፕሊንት የሚባለው፣ ያስፈልግዎታል። የሚፈልጉት አጭር፣ የአውራ ጣትን ሥር ይዞ የጣቱን ጫፍና የእጅ አንጓን ነጻ የሚተው ነው። በየፋርማሲው የሚሸጠው፣ በመሐሉ ብረት ያለበት የእጅ አንጓ መጠቅለያ የሚይዘው አንጓውን እንጂ የጣቱን ሥር ስላልሆነ ገንዘብዎን አያባክኑበት። ትክክለኛው በሙቅ ውኃ ለስልሶ በእጅ ልክ ከሚቀረጽ ፕላስቲክ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ይሠራል፤ ጠንካራ ጨርቅ በልኩ ሰፍተው የሚያዘጋጁም አሉ፣ እርስዎማ ሙያው በእጅዎ ነው፤ ልኩን የሚወስደው ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ይሁን። በሚሠሩበት ሰዓት ያድርጉት፤ ሌሊት የሚያምዎት ከሆነም አድርገውት ይተኙ። ለሁለት ሳምንት ሞክረው ለውጥ የለም ብለው እንዳይጥሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ መደገፊያውን ሌሊት ሌሊት ያደረጉ ታማሚዎች በአንድ ወር ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ መሻሻል አላሳዩም፤ ከ12 ወር በኋላ ግን ሕመማቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል።

መደገፊያው ጡንቻን እንዳያሰንፍ እንቅስቃሴ ይታከልበታል። ብዙዎች እጅ ማጠንከሪያ ብለው የላስቲክ ኳስ ገዝተው ሲጨምቁ ይውላሉ፤ ይህ መገጣጠሚያውን የሚጎዳውን ጫና ራሱን መድገም ስለሆነ ይተዉት። የእርስዎ እንቅስቃሴ የዋህ ነው፦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ በሌላው እጅ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እያሹ ያላሉት፤ ቀጥለው አውራ ጣትዎን ብርጭቆ እንደሚይዝ ክብ አድርገው ይክፈቱ፤ ከዚያም እጅዎን ጠረጴዛ ላይ በትንሿ ጣት በኩል አስደግፈው፣ በሌባ ጣትዎ ላይ የጸጉር ላስቲክ አስገብተውና ላስቲኩን በሌላው እጅ ይዘው ጣቱን ወደ አውራ ጣት አቅጣጫ ይግፉ፤ አምስት ሴኮንድ ይቆዩ፣ አሥር ጊዜ ይድገሙ። ይህ የመጨረሻው የሚያጠነክረው ጡንቻ የአውራ ጣትን አጥንት ወደ ኮርቻው መልሶ የሚይዘውን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ሕመም ከተነሣ ኃይሉን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የእጅ መገጣጠሚያ መሸርሸር መመሪያ ላይ ከሚዋጥ በፊት የሚቀባውን ያስቀድማል፤ ለእርስዎ ደግሞ በኩላሊትዎ ምክንያት ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። የዲክሎፌናክ ቅባት በጣቱ ሥር ላይ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት በሚነግርዎት መጠን ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፤ ያም ሆኖ የክሬቲኒን ውጤትዎ እስኪታወቅ ይጠብቁ። ሕመሙ ሲበረታ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ቢወስዱ ጉዳት የለውም፣ ብዙ ግን አይጠብቁበት። ካልሲየም የሚሰጠው አጥንት ሲሳሳ ነው፤ ይህ የአጥንት መሳሳት አይደለም። የኮላጅን ዱቄትና ግሉኮሳሚን በውድ ይሸጣሉ፤ የተፋቀውን ሽፋን መልሶ የሚያበቅል ግን እስካሁን የለም።

መርፌን በተመለከተ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱብዎ። በየክሊኒኩ ለቁርጥማት ተብሎ መቀመጫ ላይ የሚሰጠው መርፌ ብዙ ጊዜ ያው ዲክሎፌናክ ነው፤ ለእርስዎ የተከለከለ ነው። በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ሌላ ነው። ይህኛው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ሊያስታግስ ይችላል፤ መድኃኒት ከሌለው የጨው ውኃ መርፌ ጋር በተነጻጸረባቸው ጥናቶች ላይ ግን ብልጫው ትንሽ ሆኖ ወይም ጭራሽ ሳይታይ ቀርቷል። መገጣጠሚያው በጣም ጠባብ ስለሆነ መርፌው በቀላሉ ከቦታው ውጭ ያርፋል፤ ከቆዳ ሥር ከፈሰሰ ደግሞ በጠይም ቆዳ ላይ ለወራት የሚቆይ ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ለቀናት ከፍ ይልበታል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይመርመሩ። በእኔ አስተያየት የመርፌው ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ መደገፊያውንና እንቅስቃሴውን እንዳይጀምሩ የሚከለክል ኃይለኛ ሕመም ካለ፣ መንገድ ለመክፈት አንድ ጊዜ። በየሦስት ወሩ እየተመላለሱ መወጋትን አልመክርም።

ቀዶ ሕክምናን የማነሣው ይህ ሁሉ ቢያንስ ለሦስት ወር፣ ቢቻል ለስድስት ወር በሥርዓት ተሠርቶ አሁንም ሌሊት የሚያነቃዎት ወይም መርፌ መያዝ የሚከለክልዎት ከሆነ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች እዚያ አይደርሱም። ዋናው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1949 በሕክምና መጽሔት የተገለጸው፣ ትራፒዚየምን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው፤ ክፍተቱን ጠባሳ ይሞላዋል፤ አንዳንድ ሐኪሞች ከክንድ የተወሰደ ጅማት ጠቅልለው ያስገቡበታል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ከዘዴዎቹ አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ስለዚህ ጅማት የሚጨመርበት የተራቀቀው ዓይነት የግድ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱን አጥንቶች አጣብቆ ማድረቅ ኃይል የሚፈልግ ወጣት ሠራተኛን ይጠቅማል፤ መዳፍን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋትን ስለሚያግድ ግን ጨርቅ ለምትዘረጋ ሰው አይመቻትም። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያም አለ፤ ውድ ነው፣ ሊላላም ሊወልቅም ይችላል። ትራፒዚየም ከወጣ በኋላ ሕመሙ በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የቁንጠጣ ኃይል ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ጣቱም ትንሽ ያጥራል፤ በጀርባው በኩል ቆዳ መደንዘዝና ከእጅ ማበጥ ጋር የሚመጣ የቆየ ሕመም ከሚታወቁት ችግሮች ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ክኒኑን ዛሬ ያቁሙ፤ በዚህ ሳምንት ኩላሊትዎን ያስመርምሩ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው የፊዚዮቴራፒና የአጥንት ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ይሂዱ፤ መደገፊያውን፣ እንቅስቃሴውንና የሥራ ለውጡን ለሦስት ወር አብረው ያካሂዱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሌሊቱ ሕመም ከአሥር ነጥብ እየሰጡ በሳምንት አንድ ቀን ይጻፉት፤ ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ መቀስ እንደያዙም እንዲሁ። ጣቱ ድንገት ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ወድቀው እጅዎ ላይ ካረፉ፣ ሦስት ወሩን አይጠብቁ።

ይህን የጻፉበት ወረቀት ለውጥ ካላሳየ ይዘውት ወደ ቀዶ ሐኪም ይግቡ፤ በዓመት ስንት የአውራ ጣት ሥር እንደሚሠራ፣ ከዚያ በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ማን እንደሚከታተል ይጠይቁት። ቀኑን ሲቆርጡም እጅዎ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በጄሶ ወይም በመደገፊያ ውስጥ እንደሚቆይ፣ ወደ ሙሉ ስፌት ለመመለስም ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ ያስቡ። የሐበሻ ቀሚስ ትእዛዝ የሚበዛው ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ከሆነ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ መሠራት ከሌሎቹ ወራት ሁሉ ለገቢዎ ይሻላል።